«ምክር ተሰጥቷል»፦ ዕፅንና ወሲብን ስለሚያጣምሩ ሰዎች

(በጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ መናገር ከባድ ነው፤ ማዳመጥ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ስላይድ አላመጣሁም። ያመጣሁት አንድ ወረቀት ነው። ወንበራችሁ ላይ ተደፍቶ ይገኛል። እስክነግራችሁ ድረስ አትገልብጡት።

ከአንድ ታካሚ ልጀምር። እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፤ እሱ ራሱም «ተናገሪው» ብሎኛል። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እኔ ወደምሠራበት የአባላዘር ክሊኒክ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ፔፕ። ለኤችአይቪ ተጋልጫለሁ ብሎ የሰጋ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለ28 ቀን የሚወስደው መድኃኒት ነው። ሰጠሁት። ሦስተኛው ላይ ግን ቆጣ አልኩ። «አሁንም? ለምንድን ነው የማትጠነቀቀው?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «እሺ ሲስተር» አለኝ። ካርዱ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ቀጣይ!

አራተኛ ጊዜ አልመጣም። ምክሬ የሠራ መስሎኝ ነበር።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ለጥቂት ወራት የሱስ ሕክምና ክፍል ተመደብኩ። እዚያ አገኘሁት። ከስቷል፣ ጥርሱ ተጎድቷል፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ይደነግጣል። የዚያን ክፍል ካርዱን አነበብኩ። ወፍራም ነው። ምን እንደሚወስድ፣ ስንት ቀን ሳይተኛ እንደሚቆይ፣ ሥራውን መቼ እንዳጣ፣ ከእናቱ ጋር ለምን እንደተጣላ፣ ሁሉም አለ። ስለ ወሲብ ግን አንድ መስመር የለም። የእኛ ክሊኒክ ካርድ ደግሞ ስለ ወሲብ ሁሉን ጠይቆ ስለ ዕፅ አንድ መስመር አልጻፈም። ሁለቱ ካርዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። በሁለቱ ካርዶች መሃል ስለሚወድቀው ሰው።

ዕፅ ወስዶ ወሲብ መፈጸም በሰፊው የሚታወቀው ኬምሴክስ በሚል ስም ነው። በዋናነት የሚነገረው ከወንዶች ጋር ወሲብ ስለሚፈጽሙ ወንዶች ነው፤ ዕፆቹም በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ክሪስታል የሚባለው ሜታምፌታሚን፣ ሜፌድሮን፣ እና ጂኤችቢ ከዘመዱ ከጂቢኤል ጋር። ቃሉን ያስፋፋው ዴቪድ ስቱዋርት የሚባል ሰው ነው፤ ለንደን ሶሆ ውስጥ ባለው 56 ዲን ስትሪት በተባለው የአባላዘር ክሊኒክ ይሠራ የነበረ። እ.ኤ.አ. በ2022 አርፏል። የሠራው ትልቁ ነገር ግን ለእኔ ቃሉ አይደለም። ስለ ዕፅ የሚወራበትን ወንበር ወደ አባላዘር ክሊኒኩ ማስገባቱ ነው። ሰውየው ለምርመራ በመጣበት ቤት፣ በዚያው ቀን፣ ሌላ ቦታ ሳይላክ።

ስሙ በየቦታው ይለያያል። አሜሪካና አውስትራሊያ «ፓርቲ ኤንድ ፕሌይ» ይሉታል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ «ሃይ ፈን»፣ በስፔን «ቺልስ»። ይህን የምነግራችሁ ለዕውቀት ያህል አይደለም። ቅጻችሁ ላይ «ኬምሴክስ ታደርጋለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በየሳምንቱ የሚያደርገው ሰው ከልቡ «አላደርግም» ሊላችሁ ይችላል። እሱ ቤት «ቅዳሜ» ነው የሚባለው።

ደግሞ ነገሩን የአንድ ዓይነት ሰዎች ብቻ አድርገን አንየው። ከመኝታ በፊት ድፍረት ፍለጋ የሚጠጣ አለ። ሴቶች አሉ፤ ባለትዳሮች አሉ፤ ወሲብ የሚሸጡና ሥራውን ሳይጦዙ የማይችሉት አሉ። ዕፁ ይለያያል፣ ከፍርድ ጋር የምናስተናግድበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ለምን ያደርጉታል? «ደስታ ፍለጋ» ብለን እንዘጋዋለን። ደስታውስ አለ፤ የለም ብንል ያላግጡብናል። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በለንደን የወጣ ጥናት ነበር። በሦስት የከተማዋ ወረዳዎች የሚኖሩ 30 ወንዶች በጥልቀት ተጠይቀው የተሠራ። በራስ መተማመን ማግኘት፣ በሰውነት ማፈርን መርሳት፣ ከሰው ጋር መቀራረብ፣ እነዚህ ተደጋግመው ተነስተዋል። የእኔው ታካሚ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ሲስተር፣ ሳልወስድ ከሰው ጋር ስተኛ የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል። ስወስድ ዝም ይላል።» ለዚህ ሰው «ተጠንቀቅ» ማለት ምን ማለት ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኔ ይህ ተረት ትንሽ ያናድደኛል። ጥፋቱን ሁሉ በደባቂው ላይ ይጭናል። እንዲደብቅ ያደረገው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። እኛ እንጠይቅ።

እንዲደብቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የሥራ ሰዓታችን ነው። ይስቃል አንዳንዱ፤ ግን አብረን እንቁጠር። ሰውየው ዓርብ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተጋለጠ እንበል። የፔፕ በር የሚዘጋው ሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። ቅዳሜን አልተኛም። እሑድም እስከ ከሰዓት እዚያው ነው። እሑድ ማታ ይወድቃል፤ ያመለጠውን የሁለት ቀን እንቅልፍ ነው የሚተኛው። ሰኞ ከሰዓት ሲነቃ ራሱን አያውቅም። ሰውነቱ ዝሏል፤ ሆዱ ባር ባር ይለዋል። እንደ ምንም ተነስቶ ክሊኒክ ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ተዘግቷል። ማክሰኞ የባሰው የድብርት ቀን ነው፤ ከቤት አይወጣም። ረቡዕ ጠዋት መጥቶ ተሰለፈ። እኛም «ለምን ዘገየህ?» እንለዋለን። በሽታው ገብቶ ከሆነ፣ የገባው በእኛ መዝጊያ ሰዓት በኩል ነው።

ሰኞ ማታ እስከ ሁለት ሰዓት የሚቆይ አንድ ነርስ። የምጠይቀው ይህን ነው። ይህ ካልተቻለ፣ ደጋግሞ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክኒን አስቀድሞ በእጁ መስጠት። ይበልጡን ደግሞ፣ ሁለተኛ ጊዜ ፔፕ የጠየቀ ሰው ስለ ፕሬፕ ሳይነገረው ከክፍሉ መውጣት የለበትም። ፕሬፕ ቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ተፈቅዷል። ቀን የሚጠፋበት ሰው ክኒን ይረሳል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚህም ነው በመርፌ የሚሰጡት ትልቅ ነገር የሆኑት። ካቦቴግራቪር በየሁለት ወሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የተፈቀደው ሌናካፓቪር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ማክሰኞና ረቡዕ ለሚምታታበት ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እኔ ግን ሦስቴ ለመጣ ሰው ስለ ፕሬፕ አልነገርኩትም። ቁጣዬን ነው የሰጠሁት።

ሌሎቹን መከላከያዎች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው፤ አብዛኛዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ክትባት። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለም፣ ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል፤ ከዳነ በኋላ እንደገና ሊይዘው ስለሚችል ምርመራው ይቀጥላል። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን፣ በ2023 በታተመ ጥናት ቂጥኝንና ክላሚዲያን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው ደግሞ በወሲብ አያስተላልፍም። በ2019 በወጣ ጥናት ጥንዶች ያለ ኮንዶም ወደ 76 ሺህ ጊዜ ግንኙነት አድርገው ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የተላለፈ ቫይረስ ዜሮ ነበር። ዜሮ! ይህን ለታካሚ ስትነግሩት ፊቱን እዩ።

አሁን ወደ ዕፆቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ «ዕፅ» ብለን በአንድ ከረጢት እንከታቸዋለን። የሚገድሉበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

ጂኤችቢ ፈሳሽ ነው። በሚያስደስተውና ራስን በሚያስተው መጠን መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። የሚሞቱት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ሰው እያያቸው ነው። «ተኝቷል፣ ተዉት፣ ይለፍለት» ተብሎ። ያንኮራፋል፤ ሰላም ይመስላል። ከዚያ ማንኮራፋቱ ይቆማል። ስለዚህ ለታካሚዎቻችን መንገር ያለብን «አትውሰድ» ብቻ አይደለም። ጠርተኸው፣ ነቅንቀኸው ካልነቃ እንቅልፍ አይደለም። በጎኑ አስተኛው፤ ብቻውን አትተወው፤ አምቡላንስ ጥራ፤ ሲመጡም የወሰደውን በግልጽ ንገር። ናሎክሶን፣ እንደ ሄሮይን ባሉ ኦፒዮይድ በሚባሉ ዕፆች ራሱን የሳተን ሰው የሚመልሰው መድኃኒት፣ ጂኤችቢን አይመልስም። ምናልባት ኦፒዮይድም ተቀላቅሎ ከሆነ መስጠቱ አይጎዳም፤ ግን ናሎክሶን አለን ብሎ አምቡላንስ ሳይጠሩ መቅረት ስህተት ነው።

ሌላም አለ። ጂኤችቢን በየጥቂት ሰዓቱ፣ ቀንና ሌሊት የሚወስድ ሰው ሊመጣላችሁ ይችላል። በቅንነት «ዛሬውኑ አቁም» ልትሉት ትችላላችሁ። እንዳትሉት! በድንገት ሲቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ አንዳንዴም የሚጥል ሕመም ይመጣል። ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቀስ በቀስ ነው መውረድ ያለበት። ሆላንድ ውስጥ ለሕክምና የተዘጋጀ ጂኤችቢ በቁጥጥር ሥር ሰጥተው መጠኑን እየቀነሱ የሚያወርዱበት አሠራር አለ። ከሁሉ በፊት ግን ማን በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስድ መጠየቅ ይቀድማል። ካልጠየቅን አናውቅም።

ክሪስታል ሌላ ነው። ሰው አራት ቀን ሳይተኛ ይቆያል። ከዚያ ግድግዳው ያወራል፤ ስልኩ ውስጥ ፖሊስ አለ። የእኔ ታካሚ ሰው በተራመደ ቁጥር የሚደነግጠው ለዚህ ነበር። ለዚህ ሱስ እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት የለም። በ2021 አንድ ጥናት ናልትሬክሶን መርፌን ከቡፕሮፒዮን ጋር አጣምሮ ሞክሮ፣ ከ100 ሰው ወደ 14 የሚሆኑት ለውጥ አሳይተዋል፤ በባዶ መድኃኒት ከታከሙት ደግሞ 2 ወይም 3። ትንሽ ነው፤ ግን ከምንም ይሻላል። እስካሁን ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያሳየው ዘዴ ቀላል ነው፤ የሽንት ምርመራው ንጹሕ በሆነ ቁጥር ትንሽ ሽልማት መስጠት። ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። «ላለመውሰድ ይከፈለዋል እንዴ?» ይላል። የሚያስታግስ ነገር ተገኝቶ ሳለ ቅር ስላለን እንተወው?

የመድኃኒት ግጭትም አለ። ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ አንዳንድ ዕፆችን እንደ ወትሮው አያጣራም። ትናንት የቻለው መጠን ዛሬ ሊጥለው ይችላል፤ ከኤክስታሲ ጋር ተገናኝቶ ሕይወት የጠፋበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ለብልት መቆም የሚወሰዱ እንደ ቪያግራ ያሉ ክኒኖች ደግሞ ፖፐርስ ከሚባለው ከሚሸተተው ፈሳሽ ጋር ሲደመሩ የደም ግፊትን ቁልቁል ይጥሉታል። ፋርማሲስት ይህን ያውቃል። ችግሩ፣ ማንም ለፋርማሲስቱ አይነግረውም።

ስለ ፈቃድም ሳልናገር አላልፍም። ራሱን የሳተ ሰው «እሺ» ማለት አይችልም። ይህ ግልጽ ነው። ግን የተደፈረው ሰው ራሱ «እኔ ነኝ የሄድኩት፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት» ብሎ ይዘጋዋል። ቢናገር ፖሊስ መጀመሪያ ስለ ዕፁ እንደሚጠይቀው ያውቃል። እኛ ጋር ሲመጣ ስለ መድፈር አይነግረንም። «ትንሽ ቆስያለሁ» ነው የሚለው። በዚያች «ትንሽ» ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለመክሰስ እንዲወስን መገፋት የለበትም፤ ያለ ክስም መታከም እንደሚችል በአፋችን ልንነግረው ይገባል። ካርዱ ላይ የምንጽፈውን ማን ማን እንደሚያየውም እንዲሁ። ይህን ሳንነግረው እውነቱን እንዲነግረን መጠበቅ ዐይን አውጣነት ነው።

ጠዋት ሻይ ላይ አንድ ወንድሜ፣ አሁን እዚህ አለ፣ «ይህን ሁሉ ካስተማርናቸው ማበረታታት አይሆንም ወይ?» ብሎኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1984 አምስተርዳም ውስጥ ያገለገለ መርፌ ተቀብሎ አዲስ መስጠት ሲጀመር ይኸው ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ያን ሥራ ያስጀመረው የጤና ቢሮ አይደለም። ዕፅ የሚወስዱት ሰዎች ራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ በመካከላቸው ሄፓታይተስ ቢ ሲዛመት እነሱ ናቸው የተንቀሳቀሱት። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶች ያሳዩት መርፌ ማደል ተጠቃሚ እንደማያበዛ ነው፤ የቀነሰው ኤችአይቪን ነው። ጉዳት ቅነሳ የሚባለው ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ለማቆም የፈለገውን እናግዛለን። ያልፈለገው ደግሞ እስኪፈልግ ድረስ በሕይወት መቆየት አለበት። ሬሳን ከሱስ ያወጣ ሐኪም አላየሁም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለቱን ክፍሎች ማጋጠም ገንዘብና ትእዛዝ ይፈልጋል። የሱስ አማካሪ በሳምንት ሁለት ቀን አባላዘር ክሊኒክ ቢቀመጥ ግማሹ መንገድ ነው። «ሪፈር» ጽፎ መስጠት ግን ምንም አይደለም። ያን ወረቀት ይዘው ሌላኛው ክፍል ሳይደርሱ የቀሩትን ብቆጥር ያሳፍረኛል። ቢያንስ ስልክ አንስቶ «አሁን ልልከው ነው፣ ስሙ ይህ ነው፣ ጠብቂው» ማለት ይቻላል። ከተቻለም አብሮ መሄድ።

ያለ ገንዘብ የሚሆነው ደግሞ ጥያቄው ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ይነቅዛል። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች የሚጠይቋት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ምንም ሳትወስድ ለመጨረሻ ጊዜ ግንኙነት ያደረግከው መቼ ነው?» አትፈርድም። «ስንት?» ወይም «ምን?» አትልም። ዕፁንና ወሲቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታገናኛቸዋለች፤ ሁለቱ ካርዶች ያልቻሉትን።

ታካሚዬን ሱስ ክፍል ውስጥ ይህን ጠየቅኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ መልመድ ያለብን እሱን ነው። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ከዚያ «ሦስት ዓመት» አለ። ራሱም የሰማው ገና ያኔ ይመስለኛል። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ብዙ ቆይቶ፣ ሲሻለው፣ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት። «ያኔ ሦስት ጊዜ መጥተህ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ልነግርሽ ነበር» አለኝ። «ሦስተኛው ቀን ልነግርሽ ወስኜ ነው የመጣሁት። ግን ስትጠይቂኝ ወረቀቱን ነበር የምታዪው።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ከዚያ የክሊኒካችንን ቅጽ አምጥቼ ሰጠሁት። «አርመው» አልኩት። ቀይ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። አንድ ሳምንት ይዞት ቆየ። «ዕፅ ትጠቀማለህ? አዎ/አይ» የሚለውን ሰርዞ፣ «አንዳንድ ሰው ከግንኙነት በፊት ወይም መሃል የሆነ ነገር ይወስዳል፤ አንተስ?» ብሎ ጻፈ። «ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት» የሚለውን ዝም ብሎ አጠፋው፤ ምንም አልተካበትም። መጨረሻ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» የሚል ሳጥን ነበረ። እኛ ምልክት የምናደርግበት። እሱንም ሰርዞት ከጎኑ ሁለት ቃል ጽፏል፦ «ምን አለ?»

ቅጹ አሁን በታይፕ ተጽፎ በሥራ ላይ ነው። ለእናንተ ያባዛሁት ግን የእሱ እጅ ያለበትን ነው፤ ስርዙም እንዲታይ። አሁን መገልበጥ ትችላላችሁ።